የሲ ላይብረሪ ስታገናኙ ታይፕ ሲጋጭ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሊንከር፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረጉ ፋይሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገጣጥመው መሣሪያ፣ ስም እንጂ ታይፕ አያይም። ይህችን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይቀልላችኋል። በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ኮምፓይል ሲደረግ ለሊንከሩ የሚቀርለት የፈንክሽኑ ስም ብቻ ነው። ስንት አርጉመንት እንደሚቀበል፣ ኢንት ይመልስ ፖይንተር፣ ሊንከሩ ጉዳዩም አይደለም። ስለዚህ ከፓይተን፣ ከጎ ወይም ከራስት ስትጠሩት «ይሄ ፈንክሽን እንዲህ ነው» ብላችሁ የምትጽፉት ዲክላሬሽን በቃ ይታመናል። ብትዋሹም ይታመናል። ሲ ፕላስ ፕላስ ቢያንስ የአርጉመንቶቹን ታይፕ ከስሙ ጋር ቋጥሮ ያስቀምጣል፣ ሲ ግን ይህ የለውም።

ግጭቱ እንግዲህ በሁለት መልክ ይመጣል። ኮምፓይለሩ ሁለቱንም ዲክላሬሽን አንድ ላይ ካያቸው ይጮኻል፤ ይሄ ሲቀናችሁ ነው። ካላያቸው ግን ፕሮግራሙ ደህና ይሰራል፣ ይሰራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያብዳል።

ምልክት፦ ኮምፓይለሩ «ኮንፍሊክቲንግ ታይፕስ ፎር» ብሎ ይቆማል

መጀመሪያ የኤረሩን ሁለተኛ ክፍል አንብቡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ኮዱን መነካካት ይጀምራል፤ ጂሲሲ ግን ከስር «ፕሪቪየስ ዲክላሬሽን» ብሎ ሌላኛው በየትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እያንዳንዱን ቃል አስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በአንዲት ቃል ነው።

በጎ ቋንቋ የሚሰራን ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ኮንስት («አይቀየርም» የሚለው የሲ ቃል) ነው። የላይብረሪው ሄደር (ዲክላሬሽኖቹን የያዘው ፋይል) ኮልባኩ፣ ማለትም ላይብረሪው መልሶ የሚጠራው የእናንተ ፈንክሽን፣ «ኮንስት ቻር ፖይንተር» ይቀበላል ይላል እንበል። እናንተ ያንን ኮልባክ በጎ ጽፋችሁ ኤክስፖርት አደረጋችሁት። ጎ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮንስት ስለሌለ ሲጎ (ጎን ከሲ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) የሚያመነጨው ሄደር ደረቅ «ቻር ፖይንተር» ብሎ ይጽፋል፣ ሁለቱ ሄደሮች አንድ ፋይል ውስጥ ሲገናኙም ይጣላሉ። መፍትሄው ከኢምፖርቱ በላይ ባለው የሲ ኮመንት ውስጥ ለ«ኮንስት ቻር» በታይፕዴፍ አዲስ ስም ማውጣት ነው። የጎ ፈንክሽናችሁ የዚያን ስም ፖይንተር ይቀበል። ሲጎ ስሙን እንዳለ ስለሚገለብጠው ኮንስቱም ተደብቆ አብሮ ያልፋል። እግረ መንገዴን፦ ኤክስፖርት ባለበት ፋይል የሲ ኮመንት ውስጥ ሙሉ ፈንክሽን አትጻፉ። ኮመንቱ ሁለት የሲ ፋይል ውስጥ ስለሚገለበጥ ሊንከሩ «ተደግሟል» ብሎ ሌላ ኤረር ያወጣባችኋል።

ሌላው ምክንያት ሄደሩን ሳያስገቡ ፈንክሽኑን መጥራት ነው። የድሮ ኮምፓይለር የማያውቀውን ፈንክሽን ሲያገኝ «ኢንት ይመልሳል» ብሎ ገምቶ ያልፍ ነበር። ዝቅ ብሎ ትክክለኛው ዲክላሬሽን ፖይንተር ይመልሳል ሲል ግጭት ይሆናል። ሲ99 ይህንን ግምት ከስታንዳርዱ አውጥቶታል፤ ኮምፓይለሮቹ ግን ለብዙ ዓመት በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያልፉት ቆይተው ክላንግ 16 እ.ኤ.አ. በ2023፣ ጂሲሲ 14 ደግሞ በ2024 ኤረር አደረጉት። ስለዚህ ስንት ዓመት ያለ ችግር ኮምፓይል ሲሆን የኖረ ባይንዲንግ (ሲውን ከሌላ ቋንቋ ጋር የሚያገናኝ ኮድ) ኮምፓይለር ባሻሻላችሁ ማግስት ከተሰበረ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። ሄደሩን ኢንክሉድ አድርጉ። ኤረሩን የሚያፍን ፍላግ እንዳትጨምሩ፤ ያ ኤረር ወደ ታች ከምንደርስባቸው ክራሾች ከአንዱ እያዳናችሁ ነው።

ምልክት፦ «ፉ ጠብቄ ፉ አገኘሁ» የሚል ኤረር

«ፉ» እዚህ የማንኛውም ታይፕ ስም ምትክ ነው። ስሙ አንድ፣ ፊልዱ አንድ፣ ኮምፓይለሩ ግን ይለያያሉ ይላል። ሰውን የሚያሳብድ ኤረር ነው፣ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ራስት ላይ ሁለት ክሬቶች (የራስት ፓኬጆች) ያንኑ የሲ ሄደር በየራሳቸው ባይንድጄን በሚባለው መሣሪያ ካስተረጎሙት ሁለት የተለያዩ ታይፖች ይወለዳሉ። ጎ ላይም እንደዚሁ ነው፣ አንድ ፓኬጅ ውስጥ ያለ የሲ ታይፕ ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ካለው ከዚያው የሲ ታይፕ ጋር አንድ አይደለም። ዲክላሬሽኖቹን አንድ ቦታ ሰብስባችሁ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይውሰድ። በራስት ይህ «ሲስ» የሚል ቅጥያ ያለው ክሬት ነው፤ ካርጎ ፋይሉ ላይ «ሊንክስ» የሚለውን ከሞላችሁ ካርጎ ራሱ ሁለተኛውን አላስገባም ይላል። በጎ ደግሞ የሲ ታይፕን ከፓኬጃችሁ ውጭ አታሳዩ፣ በራሳችሁ ስትራክት (ብዙ ፊልዶችን የያዘ ታይፕ) ሸፍኑት።

አሁን ኮምፓይለሩ ወደማይጮኽባቸው፣ ወደ ዝምተኞቹ።

ምልክት፦ ከፓይተን ስትጠሩት አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ ሴግሜንቴሽን ፎልት

ሲታይፕስ (የሲ ላይብረሪ ለመጥራት ከፓይተን ጋር የሚመጣው ሞጁል) ላይ የመመለሻ ታይፕ ካልነገራችሁት ፈንክሽኑ ኢንት ይመልሳል ብሎ ያስባል። ኢንት 32 ቢት ነው፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ፖይንተር ደግሞ 64። በቁጥር እንየው። ላይብረሪው ስትራክት ፈጥሮ አድራሻውን 140000000000000 ብሎ መለሰ እንበል፤ ሊነክስ ላይ እዚህ አካባቢ ያሉ አድራሻዎች የተለመዱ ናቸው። ሲታይፕስ የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ይወስድና 1246019584 ይሰጣችኋል። ኤረር የለም። ደህና ቁጥር ይመስላል፣ ዜሮ ስላልሆነ «ኑል ነው ወይ» የሚለውን ፍተሻም ያልፋል። ያንን ቁጥር ለሚቀጥለው ፈንክሽን ስታቀብሉት ግን ላይብረሪው የማንም ያልሆነ ሚሞሪ ሊያነብ ይሄዳል። አንዳንዴ የሚሰራው አድራሻው በአጋጣሚ 32 ቢት ውስጥ ሲገባ ነው።

መፍትሄውን ግማሹን ብቻ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። የመመለሻው ታይፕ በሚጻፍበት «ሬስታይፕ» ላይ ቮይድ ፖይንተር ትሞላላችሁ፣ አድራሻው ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ፓይተን ውስጥ ግን ተራ ቁጥር ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ለሌላ ፈንክሽን ስታቀብሉት ያኛው «አርግታይፕስ» (የአርጉመንቶቹ ታይፕ) ካልተሞላለት እንደገና ኢንት ተደርጎ ይቆረጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ሁለቱንም ሙሉ። ባዶ የሚመልስ ቢሆንም እንኳ ሙሉ።

የፈንክሽኖቹ ብዛት ካሰለቻችሁ ሲኤፍኤፍአይ የሚባለው ሌላ የፓይተን ላይብረሪ ላይ ሂዱ፣ ግን በኤፒአይ ሞድ። በዚህ ሞድ የጻፋችሁት ዲክላሬሽን ከእውነተኛው ሄደር ጋር አብሮ ኮምፓይል ስለሚሆን ብዙው ስህተት እዚያው ይያዛል። ኤቢአይ ሞድ ግን እንደ ሲታይፕስ ያላችሁትን ያምናል።

ምልክት፦ ስህተት ሲፈጠር -1 መምጣት ሲገባው 4294967295 ይመጣል

ይህን ቁጥር በዓይናችሁ ለዩት። 32 ቢት ያለው -1 ሳይን (የመቀነስ ምልክት) እንደሌለው ሲነበብ ነው። ወይ ሳይን የሌለው ታይፕ ሰጥታችሁታል፣ ወይ ኢንት የሚመልሰውን 64 ቢት ብላችሁታል። የሚያስከፋው «ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው» የምትለው ኮዳችሁ ፈጽሞ አለመነሳቷ ነው። ፋይሉ አልተከፈተም፣ እናንተ ግን እያነበባችሁ ነው። ሄደሩ ኢንት ካለ እናንተም ኢንት በሉ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ምልክት፦ የስትራክቱ የመጀመሪያ ፊልድ ልክ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቆሻሻ

እኔን ሁለት ቀን የበላኝ ይሄ ነው። የፎቶ ላይብረሪ ነበር፤ ስትራክቱ ስፋት፣ ቁመት፣ ከዚያ የአንድ መስመር ባይት ብዛት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ፎቶው 640 በ480 ነው። ስፋቱ 640 ይላል፣ ልክ። ቁመቱ 3። ሦስት ፒክሰል ቁመት ያለው ፎቶ! ሦስተኛውን ፊልድ ሳትመው 480 ሲወጣ ነው የገባኝ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ወደፊት ተንሸራቷል። አዲሱ ቨርዥን ስፋትና ቁመት መሃል የፎርማት ፊልድ ጨምሯል፤ እኔ የማነበው ሄደር የአሮጌው፣ ማሽኑ የሚጭነው ላይብረሪ የአዲሱ። ሊነክስ ላይ ፕሮግራሙ በትክክል የትኛውን ፋይል እንደሚጭን ኤልዲዲ በሚባለው ትእዛዝ እዩ፣ የሄደሩን ቦታ ደግሞ ፒኬጂ ኮንፊግ የሚባለውን ትእዛዝ ጠይቁት። ሁለቱ ከአንድ ቨርዥን ካልሆኑ ሌላ ነገር አትመርምሩ።

ቨርዥኑ አንድ ሆኖም ከተንሸራተተ ፓዲንግ ነው፣ ኮምፓይለሩ በፊልዶቹ መሃልና መጨረሻ ላይ የሚጨምረው ባዶ ባይት። ቻር፣ ደብል፣ ቻር ያለው ስትራክት በእጅ ስትደምሩት 10 ባይት ነው፣ 64 ቢት ኢንቴል ላይ ግን 24 ይሆናል፤ ደብሉን መጀመሪያ ብታደርጉት 16። ሄደሩ ውስጥ ፓክ የሚል ፕራግማ ካለ ደግሞ እውነትም 10 ነው። ስለዚህ በጭንቅላት አታስሉ። አሥር መስመር የሲ ፕሮግራም ጻፉ፣ የስትራክቱን ሳይዝኦፍ (መጠን)፣ የእያንዳንዱን ፊልድ ኦፍሴትኦፍ (ከስትራክቱ መጀመሪያ ያለውን ርቀት) ያትም፣ ያንኑ በሌላው ቋንቋ አሳትሙና አነጻጽሩ። ቁጥሩ መጀመሪያ የሚለያይበት ፊልድ ላይ፣ ወይም ከሱ በላይ ባለው ላይ፣ ውሸቱ አለ። ብዙ ጊዜ ቡል ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ የሲ99 ቡል በተለመዱት ማሽኖች 1 ባይት ነው፣ የዊንዶውስ ኤፒአይ ቡል ግን ኢንት ስለሆነ 4። ፕሮግራሟን ስትሰሩ ላይብረሪው የተሰራበትን ፍላግ ተጠቀሙ፤ 32 ቢት ሊነክስ ላይ የፋይል ኦፍሴት ታይፕ 4 ወይም 8 ባይት የሚሆነው በአንድ ማክሮ ነው።

የስትራክት ስህተት ክራሽ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ያነሰ ቦታ ይዛችሁ ላይብረሪው አልፎ ይጽፋል፣ ክራሹ ግን ቆይቶ ሚሞሪ ስትለቁ ይመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ክራሹ «ፍሪ» ውስጥ ከሆነ ፍሪን አትውቀሱ። የሲውን ክፍል በአድሬስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል አድርጉ፣ ከተያዘው ቦታ ያለፈውን ጽሑፍ እዚያው ይይዘዋል።

ምልክት፦ ሊነክስ ላይ ይሰራል፣ ዊንዶውስ ላይ ቁጥሩ ይበላሻል

ሎንግ ነው። ዘጠና በመቶ ሎንግ ነው ብል አላፍርም። 64 ቢት ሊነክስና ማክ ላይ 8 ባይት፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4። የሲ ሻርፕ ሎንግ ሁልጊዜ 8 ስለሆነ የስም መመሳሰሉ ብዙ ሰው ሸውዷል። ከዶትኔት 6 ጀምሮ ለዚሁ የተሰራ ሲሎንግ የሚባል ታይፕ አለ፣ ጃቫ ላይ ጄኤንኤ የሚባለው ላይብረሪ ኔቲቭሎንግ አለው፣ ራስትና ሲታይፕስ ደግሞ ሲ_ሎንግ የሚባል አላቸው። ዋይድ ካራክተርም እንደዚሁ ነው፣ ዊንዶውስ 2 ባይት፣ ሊነክስ 4።

ከኢንቴል ወደ አርም ፕሮሰሰር ሲዞር የሚበላሽ ከሆነ ቻርን ጠርጥሩ። ሊነክስ ላይ በኢንቴል ሳይን አለው፣ በአርም የለውም፣ ስለዚህ -1 የነበረው 255 ይሆናል።

ምልክት፦ አዲሶቹ ማኮች ላይ ፕሪንትኤፍ የሚመስሉ ፈንክሽኖች ቆሻሻ ያትማሉ

የአርጉመንት ብዛታቸው ያልተወሰነ ፈንክሽኖች የአፕል አርም ላይ ከቋሚዎቹ ቀጥሎ ያሉትን አርጉመንቶች በሙሉ የሚጠብቁት ስታክ ላይ ነው። እናንተ እንደ ተራ ፈንክሽን ዲክሌር ካደረጋችሁት አርጉመንቶቹ ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ማስቀመጫ) ውስጥ ይገባሉ፣ ፈንክሽኑ ሌላ ቦታ ይፈልጋቸዋል። ኢንቴል ላይ ይህ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። ሲታይፕስ ላይ የቋሚዎቹን «አርግታይፕስ» ብቻ ሙሉ። ቋንቋችሁ ይህን ዓይነት ፈንክሽን ጭራሽ ካልደገፈ፣ የተወሰነ አርጉመንት የሚቀበል አራት መስመር የሲ ፈንክሽን ጻፉና ዋናውን እሱ ይጥራላችሁ።