ሳይቀሰቀሱ የሚበስሉ ዴንድሪቲክ ሴሎች፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ከሰው ደም ሞኖሳይት (አንድ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ዴንድሪቲክ ሴል፣ ማለትም ባዕድ ነገርን ለሌሎች የመከላከያ ሴሎች የሚያሳይ ሴል፣ አሳድገው፣ በኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል) ቀስቅሰው፣ ሲበስሉ (ለመከላከል ሥራ ሲነቁ) የትኞቹ ጂኖች ከፍና ዝቅ እንደሚሉ በፒሲአር (ቅጂ እያበዛ በሚለካ ዘዴ) ለሚለኩ ነው። አር.ኤን.ኤ. እንዴት እንደሚወጣና ንጽሕናው እንዴት እንደሚታይ አልደግምም።

ምልክት፦ ያልተቀሰቀሰው ማነጻጸሪያ ከተቀሰቀሰው አይለይም

የብስለት ምልክት የሆኑት ጂኖች ሲዲ83፣ ሲዲ86 እና ሲሲአር7 በሁለቱም ከፍ ብለዋል። ልዩነታቸው አንድ የፒሲአር ዑደት እንኳ አይሞላም፤ ማለትም እጥፍ አይደርስም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፕራይመሩን (ፒሲአሩ የሚለካውን ጂን የሚመርጠውን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይወቅስና አዲስ ያዝዛል፤ አዲሱም ያንኑ ይደግማል። ፕራይመሩ ጥፋት የለበትም። ሴሎቹ እናንተ ኤልፒኤስ ከመስጠታችሁ በፊት ከሌላ ቦታ አግኝተውታል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ኢንዶቶክሲን ነው፤ ከግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ግድግዳ የሚወጣው ያው ኤልፒኤስ። ባክቴሪያው ቢሞትም እርሱ ይቀራል። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፋል፤ የ121 ዲግሪ አውቶክሌቭም አያጠፋውም። «አውቶክሌቭ አድርጌዋለሁ» ስባል ትዕግሥቴ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

አንድ ቤተ ሙከራ ፒቢኤስ (ሴል የሚታጠብበት ጨዋማ ፈሳሽ) የሚያዘጋጀው ለሳምንታት በጀሪካን ከቆመ የተጣራ ውሃ ነበር። የጀሪካኑ ቧንቧ በጣት ሲዳሰስ ያሟልጫል። ሴረሙ (ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ) ተቀየረ፣ ደም ለጋሹ ተቀየረ፣ ኢንኩቤተሩ ተጠረገ፤ ጀሪካኑን ግን የነካው አልነበረም። ኢንዶቶክሲን የሌለበት ፒቢኤስ ተገዝቶ ሲገባ ማነጻጸሪያው ወዲያው ዝም አለ።

ሌላ ቦታ ደግሞ በኢ. ኮላይ (ራሱ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ነው) የተመረተ ፕሮቲን «ሴል ያበስላል» ተብሎ ሊጻፍለት ተቃርቦ ነበር። ቀቅላችሁ ሞክሩት አልኋቸው። የተቀቀለውም እንደ ጥሬው አበሰላቸው። ፕሮቲን ሲፈላ ይበላሻል፤ ኤልፒኤስ ግን ይችለዋል። ዕቃው ላይ የተለጠፈው «ንጽሕና ከ95 በመቶ በላይ» የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሌሎች ፕሮቲኖች ብቻ ነው። የኢንዶቶክሲን መጠን ካልጻፈላችሁ ሻጭ አትግዙ።

መፍትሄው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ከውሃ ጀምሩ፣ ከዚያ ሴረም፣ ከዚያ ሳይቶካይን (ሴሎቹን የሚያሳድጉት ምልክት ሰጪ ፕሮቲኖች)። የምትጠረጥሩትን በኤልኤኤል (ኢንዶቶክሲን በሚለካ) ምርመራ ለኩት። የመስታወት ዕቃን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አቆዩት። ኤልፒኤስን የሚይዘውን አንቲባዮቲክ ፖሊሚክሲን ቢ ጨምራችሁ ብስለቱ ከቀነሰ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አታድርጉት፣ ሁሉንም አይይዝም። የቀስቃሹን ኤልፒኤስ ጠርሙስም የማነጻጸሪያው ሳህን ባለበት ካቢኔ ውስጥ አትክፈቱ። ስንት ጊዜ ልናገር!

ከአይጥ መቅኔ ለምታሳድጉ፦ ተሰባስበው ያደጉትን ሴሎች በፒፔት መበተን ብቻውን ሊያበስላቸው ይችላል።

ምልክት፦ ሲዲ14 አልጠፋም

ሲዲ14 የሞኖሳይት ምልክት ነው፤ ሴሉ ዴንድሪቲክ ሲሆን መጥፋት ነበረበት። የሚያጠፋው ሳይቶካይን፣ ኢንተርሉኪን-4ቱ፣ ደክሟል፤ ምናልባትም እየቀለጠ እየቀዘቀዘ ከርሟል። በትንንሹ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ።

ምልክት፦ ኤችኤልኤ-ዲአር በሴሉ ገጽ ጨመረ፣ የሲአይአይቲኤ አር.ኤን.ኤ. ግን ወረደ

ብልሽት አይደለም። ኤችኤልኤ-ዲአር ባዕድ ነገርን በሴሉ ገጽ የሚያሳይ ሞለኪውል ነው፤ ሲአይአይቲኤ ደግሞ የእርሱን ጂን የሚያበራው። ሴሉ ሲበስል ሲአይአይቲኤን ያጠፋል፤ ቀድሞ የሠራቸውን ሞለኪውሎች ግን ከውስጥ ወደ ገጹ አውጥቶ ያቆያል። ፍሎው ሳይቶሜትሩ (በሴሉ ገጽ ያለውን የሚለካው መሣሪያ) እና ፒሲአሩ ስላልተስማሙ ውጤቱን የጣለ ሰው አውቃለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ምልክት፦ የኢንተርሉኪን-12 ጂን በ24 ሰዓት አይታይም

ዘግይታችኋል። ቀድሞ ወጥቶ ይወርዳል፤ ከ6 ሰዓት ጀምራችሁ ናሙና ውሰዱ።

ምልክት፦ ከቅስቀሳ በኋላ ሁሉም ጂኖች በአንድነት የወረዱ ይመስላል

ማመሳከሪያችሁ (ሌሎቹ ጂኖች የሚመዘኑበት ጂን) ጋፒዲኤች ብቻ ከሆነ እርሱን ጠርጥሩ። የተቀሰቀሰ ሴል ስኳር ማቃጠሉን ያፋጥናል፤ ጋፒዲኤች ደግሞ የዚያው ሥራ ኢንዛይም ስለሆነ አብሮ ሊጨምር ይችላል። በራሳችሁ ሴሎች ላይ ከቅስቀሳ በፊትና በኋላ የማይንቀሳቀሱ ቢያንስ ሁለት ጂኖች ፈልጉና በእነርሱ አስሉ።