ያገለገለ ፓወር አምፕሊፋየር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ጥገናው

ፓወር አምፕሊፋየር፣ ማለትም ከሚክሰር የመጣውን ድምፅ አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልከው ዕቃ፣ ሲበላሽባችሁ ፊውዝ፣ ስፒና፣ የሲግናል ገመድና የስፒኮን (የስፒከር ገመድ መሰኪያ) ጫፍ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ ጎንደር ለሰርግም ለመድረክም የሚገዛው ፓወር በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተገዛው ነው። ስለዚህ ጥገናውን ስናገር ከመክፈላችሁ በፊት ማየት ያለባችሁንም አብሬ እነግራችኋለሁ።

ድምፁ ሲቀነስ ይጠፋል፣ ከፍ ሲደረግ ይመለሳል፦ የሪሌው፣ ማለትም ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ማብሪያ፣ መገናኛ ነጥቦች ጠቁረዋል። ሪሌውን ቀይሩት። በአሸዋ ወረቀት ቢታሽ ከአንድ ሰርግ አያልፍም።

ቮሊዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፦ አቧራ ነው። የማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችሁ እንጂ ዕቃውን ትታችሁ እንድትሄዱ የሚያደርግ አይደለም።

ሙዚቃ ሳይኖር ያጉረመርማል፦ ከሚክሰሩ የሚመጣውን ገመድ ስትነቅሉት ከጠፋ አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው። ካልጠፋ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ደርቀዋል። ጭንቅላታቸው ያበጠ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ ቮልታቸውም ከቀድሞው አይነስ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የመሬት መስመር የሚቆርጥ ሰው አለ። ይህን በፍጹም አታድርጉ! ዘፋኙ ማይኩን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ኤሌክትሪክ ካመለጠ የሚይዘው እሱን ነው።

ገና ሲሰካ ጭስ ወጣ፦ ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ ተሰክቷል። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። ትራንስፎርመሩ ለሁለቱም ቮልት የተጠቀለለ ከሆነ ሽቦው ይቀየርለታል፤ ካልሆነ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ሰዓት ያህል ሠርቶ በሙቀት ይቆርጣል፦ መጀመሪያ ፋኑንና የማቀዝቀዣውን ክንፎች ተመልከቱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን ቆላ ላይ ከሚያወጣው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። በዚህ ላይ የጥር አቧራ ክንፎቹን ከደፈነ ምንም አይቀረውም። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉት፤ መጀመሪያ ግን ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ አስወጡ፣ ፋኑንም በጣት ያዙት። ንጹሕ ሆኖም የሚቆርጥ ከሆነ ስፒከሮቹን ቁጠሩ። በአንድ ቻናል አራት ባለ 8 ኦም ሞንታርቦ በትይዩ ከታሰረ 2 ኦም ሆኗል፤ ኦሙ ሲያንስ ሸክሙም ሙቀቱም ይጨምራል። ብሪጅ ላይ (ሁለቱ ቻናሎች ተጣምረው እንደ አንድ ሲሠሩ) የተደረገ 4 ኦምም ለእያንዳንዱ ቻናል ያው 2 ኦም ነው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። «ጋሼ፣ ሱቅ ውስጥ ቆንጆ አድርጎ ይጫወት ነበር፤ ሰርጉ ሲሞቅ ፕሮቴክት ገብቶ ቀረ።» የሰርግ ወቅት በመጣ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ፕሮቴክት ማለት ፓወሩ አደጋ ሲያይ ድምፁን ቆርጦ መብራት ሲያበራ ነው። ክዳኑን ስከፍት የማገኘውም አንድ ነው፦ ፎርጅድ የአውትፑት ትራንዚስተር፣ ማለትም ስፒከሩን የሚነዳው ክፍል።

በብዙ ፓወሮች ላይ የምናየው 2ኤስሲ5200 እና ጥንዱ 2ኤስኤ1943 ነው። ኦርጅናሉ 15 አምፒርና 230 ቮልት እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ፎርጅዱ ላይ ያው ቁጥር ይታተምበታል። የተቃጠለውን በፒንሳ ስትሰብሩት ግን የኦርጅናሉ ቺፕ ሰፊ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ የፎርጅዱ የምስር ክክ ታህላለች። ክፋቱ ቴስተር አያጋልጠውም። ዳዮድ ላይ አድርጋችሁ ብትለኩት 0.5 ወይም 0.6 ቮልት አሳይቶ ያልፋል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ የሚልክበት ጥቂት ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ በትንሽ ድምፅ ሲሞከርም እንዲሁ ያልፋል። ባሱ ሲመታና ብዙ አምፒር ሲጠየቅ ነው የሚሞተው። ሲሞትም ሾርት ሆኖ፣ የፓወሩን ሙሉ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ወደ ስፒከር ለቆ ነው።

ሪሌው ያለው ይህን ለመቁረጥ ነው። አንድ የአዘዞ ልጅ ያመጣልኝን ልንገራችሁ። ፓወሩ ፕሮቴክት አስገብቶ አያውቅም፣ የባለ 18 ኢንቹ ስፒከሩ ኮይል ግን ነድዷል። ስከፍተው የሪሌው ሁለት እግሮች በወፍራም ሽቦ ተገናኝተዋል። ሻጩ ፕሮቴክት መብራቱ ገዢን እንዳያስፈራ ጠባቂውን ገድሎ ሸጠለት። ልጁ የከሰረው በስፒከሩ ዋጋ ጭምር ነው። ይህ ጥገና አይባልም፣ ሌብነት ነው።

ስለዚህ ክዳኑን የማያስከፍት ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ። ከከፈተላችሁ በአንድ ረድፍ ያሉትን ትራንዚስተሮች ጽሑፍ አስተያዩ፤ ፊደሉ ከተለያየ ተነካክቷል። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርጉት። ጽሑፉ ከለቀቀ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ፤ አለመልቀቁ ግን ለኦርጅናልነቱ ማስረጃ አይሆንም። ሪሌውን ከታች በኩል እዩ። ስፒከር ሳታስሩ የስፒከር መውጫውን በዲሲ ለኩ፦ እስከ 50 ሚሊቮልት ደህና ነው፣ ከ100 በላይ ከሆነ አትግዙ።

ከዚያ ጫኑት። ጎረቤት ሳትረብሹ በሙሉ ድምፅ ለመፈተን የእንጀራ ምጣድ ይበቃችኋል። 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 14 ኦም ገደማ ነው፤ ሁለት ምጣድ በትይዩ ስታስሩ ወደ 7 ኦም ይወርዳል። ምጣዱ ከግድግዳ ሶኬት ተነቅሎ ከስፒከር መውጫው ጋር ብቻ ይታሰር። ግማሽ ሰዓት ባስ ያለው ሙዚቃ ልቀቁበት። ፎርጅዱ እዚያው ይሞታል፣ ገንዘባችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ገዝታችሁት ከተቃጠለ ደግሞ፣ የሞተውን ብቻ አትቀይሩ፤ የዚያን ቻናል ረድፍ በሙሉ አውጡ። ከመንካታችሁ በፊት ኮንደንሰሮቹ ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር አራግፉ። በካቻቪቴ ሾርት አታድርጉ፤ በእያንዳንዱ ወገን 80 ቮልት ሊኖር ይችላል። ድራይቨሮቹን (አውትፑቶቹን የሚነዱትን ትንንሽ ትራንዚስተሮች) እና ነጫጮቹን 0.22 ኦም ሬዚስተሮች አንድ በአንድ ለኩ፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ሚካውን (ትራንዚስተሩን ከማቀዝቀዣው ብረት የሚለየውን ስስ ሽፋን) እና የሙቀት ፓስታውን አትርሱ።

መልሳችሁ ስታበሩ በቀጥታ አትሰኩ። ባለ 100 ዋት የድሮ ክር አምፖል ከመብራት መስመሩ ጋር በተከታታይ እሰሩ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደበራ ከቀረ ሾርት አለ፣ አጥፉ። ከባድ ትራንስፎርመር የሌላቸው ቀላል ፓወሮች ግን በአምፖሉ ላይ በትክክል አይነሱምና በዚህ አትፍረዱባቸው። አምፖሉ ከደበዘዘ አውጡት፣ ዲሲውን እንደገና ለኩ፣ ከዚያ በየ0.22 ኦሙ ላይ ያለውን ሚሊቮልት አስተያዩ። አንዱ ዜሮ ካሳየ ያ ትራንዚስተር ሸክሙን አልተጋራም፤ ስፒከር ከመታሰሩ በፊት ይውጣ።