አንባቢ ለምን ገጹን ይዘጋል? ፋን ፊክሽን ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ጽሑፎቼን የማሳትምበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ስልክ ላይ ረጅም ነገር ማንበብ ዓይኔን ስለሚያደክመው የጻፍኩትን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጥቼ ነው የማርመው። ማሽኑ ያረጀ ነው። ወረቀቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚተፋ፣ እዚያ የምትሠራው ልጅ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባባት ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ ታትማለች። በዚህ የተነሳ የእኔን ታሪኮች በሙሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው የምታውቃቸው።

አንድ ቀን 14 ገጽ ይዤ ሄድኩ። በአንድ የታወቀ የቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርያት ላይ የጻፍኩት ነው፤ አናቱ ላይ «ቀለል ያለ የፍቅር ታሪክ» ብዬበታለሁ። ገጽ 14 ወጣ። አነሳችው፣ አነበበችው፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ጋሼ፣ ምን በድላዎት ነው የገደሏት?»

«ታሪኩ ነው እኮ የገደላት» አልኩ፣ እንደ መቀለድ።

«ታዲያ ቀለል ያለ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ሂሳቧን ተቀበለች፣ በስቴፕለር መታ መታ አድርጋ ሰጠችኝ። «ይሄን እኔ አላነበውም» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ፋን ፊክሽን፣ ማለትም ሌላ ሰው በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ላይ አድናቂው የሚጽፈውን ታሪክ፣ አንባቢ ሲመርጥና ሲተው ምን እንደሚያይ ሳስብ ያቺ የተደፋች ወረቀት ትመጣብኛለች። ከእሷ፣ ከሌሎች አንባቢዎቼና ከገዛ ጥፋቴ የለቀምኳቸው ስህተቶች እነሆ።

ሞትን ለልብ ሰቀላ ሲባል መደበቅ

ያን ቀን የሠራሁት ስህተት ይሄ ነው። አዲስ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ባለታሪኩን ገጽ 1 ላይ አስተዋውቆ መጨረሻው ላይ ቢገድለው ከአንባቢው ጋር የተዋወቁት በዚያው መጽሐፍ ነው። የእኛ አንባቢ ግን ገጸ ባሕርይዋን ከእኛ በፊት ያውቃታል። ሁለት ዓመት በየሳምንቱ አይቷታል፣ በእሷ ምክንያት ከቤተሰብ ጋር ተከራክሯል። እኛ ዘንድ የመጣው ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ አብሯት ለማሳለፍ ነው። ሳይነገረው ሬሳዋን ብንሰጠው በሩን ቢዘጋብን አይፈረድበትም።

ከዘርፉ ትልልቅ የኢንተርኔት ማከማቻዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረውና በ2019 ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን፣ ለዚህ ያበጀው ዘዴ ቀላል ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ሲያስገባ አራት ነገሮች እንዳሉበትና እንደሌሉበት ይጠየቃል፦ በዝርዝር የተገለጸ ጭካኔ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን የሚመለከት ወሲባዊ ነገር። መናገር የማይፈልግ ደግሞ «ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ይችላል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት ብልኃቷ። መደበቅ ተፈቅዷል፤ እየደበቅህ እንደሆነ ግን ትናገራለህ። ድንገተኛ ነገር የሚወድ ይገባል፣ የማይወድ ያልፋል፣ ማንም አልተታለለም።

«መጨረሻውን ከነገርኳቸው ማን ያነብልኛል?» የሚል ጓደኛ አለኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ መቃብርን ርዕሱ ላይ ነው ያስቀመጠው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ፣ በዛብህና ሰብለ ምን እንደሚጠብቃቸው ከእናቱ አፍ የሰማ፣ ሁሉም እያወቀ ደግሞ ደጋግሞ ያነበዋል። ፍቅር እስከ መቃብርን በማስጠንቀቂያ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው ብል የሚቆጣ አይጠፋም፣ ግን ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቷን ልጅም ቢሆን ሐዘን አላስፈራትም። ከወር በኋላ ሌላ ጽሑፍ ይዤላት ስሄድ አናቱ ላይ «አባትየው ይሞታል» ብዬ ጽፌ ነበር። ለራሷ አንድ ቅጂ አስቀረች። «በሥራ ቀን አይሆንም፣ እሑድ ነው የማነበው» አለችኝ።

ሁሉን «የፍቅር ታሪክ» ብሎ ማለፍ

«ፍቅር» አንድ ዘውግ አይደለም፣ ቢያንስ ለዚህ አንባቢ። ፍላፍ የሚባለውን የሚፈልግ አለ፦ ጥል የለ፣ ሞት የለ፣ ሁለት ሰዎች ሽሮ ሲሠሩ፣ ሲቀላለዱ። አንግስት የሚፈልግ አለ፣ ልቡ እንዲቆስል ብሎ የሚመጣ። አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሲያስታምመው ካላየ የማይጠግብ አለ። ስሎው በርን የሚወደው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ እስኪያያዙ 20 ምዕራፍ ይታገሣል። እነዚህ አራት ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሱት ታሪክ እምብዛም ነው። «የፍቅር» ብሎ መለጠፍ ሬስቶራንት ገብቶ «ምግብ አምጣ» እንደማለት ነው። ያውም ረቡዕ፣ ጾም ይሁን ፍስክ ሳይናገሩ።

ከዘውግ በፊት ደግሞ ጥንዱ ይታያል። ብዙ አንባቢ መጀመሪያ የሚፈልገው ማን ከማን ጋር እንደሆነ ነው። ለዚህ ሁለት ምልክቶች አሉ፦ በሁለት ስሞች መካከል የተጋደመ መስመር ካለ ፍቅር ነው፣ የ«እና» ምልክቷ ካለች ወዳጅነት ወይም ዝምድና ነው። ሁለቱን ማቀላቀል የሚያስከትለውን ቁጣ ካላዩት አያምኑትም። በ40 ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ በመስኮት የሚተያዩ ጥንዶችን አንባቢ ለማብዛት ብሎ አናት ላይ መጻፍም ከዚሁ ይመደባል።

ስሙን ትቶ ሰውየውን መቀየር

አንባቢ ቦታና ዘመን ሲቀየር ደንታ የለውም። ጉዱ ካሳን ከጎጃም አምጥተው አራት ኪሎ ካፌ ቢያስቀምጡት፣ የሕግ ተማሪ ቢያደርጉት፣ ስልክ ቢያስይዙት ያነባል። ኤዩ (ተለዋጭ ዓለም) ይባላል፣ ብዙ ወዳጅ አለው። ግን ያ ጉዱ ካሳ ለባለሥልጣን ጎንበስ ቀና ሲል፣ «እንደፈቀዱ ጌታዬ» ሲል ካገኘው እዚያው ያቆማል። ምንም ያህል ቢያምር የሌላ ሰው ታሪክ ሆኗል።

በኤዩ ላይ አንድ የሠፈራችን ስህተት ልጨምር። የካፌ ኤዩ በዓለም ዙሪያ የተወደደ ነው፣ እኛም ጋ ገብቷል፣ ግን ከነወረቀት ኩባያው ነው የገባው። ፍቅረኛው ባሪስታ ነው፣ ኩባያዋ ላይ ስሟን ይጽፋል፣ ስሟን ያሳስታል፣ ይሳሳቃሉ። ማኪያቶ በብርጭቆ በሚጠጣበት ከተማ ማን ስም ይጠይቃል? እኔ ስጽፈው አስተናጋጁ ሦስት ቀን «ጠቆር ይበል?» እያለ ጠየቃት፣ በአራተኛው ቀን ሳይጠይቅ ጠቆር አድርጎ አመጣላት። አለቀ፣ ሌላ ኑዛዜ አላስፈለገውም። ደግሞም ታሪኩ ዘንድሮ ነው ከተባለ፣ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰ ሠፈር ውስጥ ፍቅረኞችን አታቃጥሩ። እዚያ ያደገ አንባቢ ሁለተኛ አያምናችሁም።

«አንቺ» እና «እርስዎ»ን በእንግሊዝኛ ማሰብ

ብዙ ያልተባለለት ይሄ ነው። አንባቢውን ራሱን ባለታሪክ የሚያደርግ ስልት አለ። በሁለተኛ መደብ ይተርካል፣ ስም በሚያስፈልግበት ቦታ አንባቢው የራሱን እንዲያስገባ ክፍት ይተዋል። የሚወዱት አጥብቀው ይወዱታል፣ የማይወዱት በሁለተኛው መስመር ይወጣሉ። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ለሚወዱትም አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» ጾታ የለውም። የእኛ ግሥ ጾታ ሳይለይ አንድ እርምጃ አይራመድም። «በሩን ከፈትሽ» ካልኩ ወንዶቹ ደጅ ቀሩ፣ «ከፈትክ» ካልኩ ሴቶቹ። ለማምለጥ ብዬ አንድ ጊዜ በ«እርስዎ» ሞከርኩት። «ዝናቡ ውስጥ ቆመው ሳሉ ቀስ ብሎ ወደ እርስዎ ቀረበ፣ እጅዎንም ያዘ።» ጨርሼ ሳነበው ከቀበሌ የመጣ የጥሪ ደብዳቤ መሰለኝ። ስለዚህ ለማን እንደምትጽፉ አናቱ ላይ ተናገሩ፣ ወይም በሦስተኛ መደብ ጻፉት።

ይኸው ሰዋስው ለስሎው በርን ጸሐፊ ግን ሀብት ነው፤ ብዙዎቻችን ሜዳ ላይ እንበትነዋለን። ከእንግሊዝኛ እያሰብን ስለምንጽፍ ሐኪሙና ታካሚዋ፣ አለቃውና ጸሐፊዋ፣ ገና በመጀመሪያው ገጽ «አንተ፣ አንቺ» ይባባላሉ። አንባቢው ምን እንደቀፈፈው መናገር ላይችል ይችላል፤ የፊልም ትርጉም ጽሑፍ ሸተተኝ ብሎ ግን ይዘጋዋል። አንድ ጽሑፌ ላይ አሥር ምዕራፍ ሙሉ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ሲላት የኖረ ሰው በአሥራ አንደኛው፣ ዝናብ መትቷት በሩ ላይ ሲያያት፣ «ግቢ!» አለና ራሱ ደነገጠ። በዚያ ምዕራፍ ሌላ ምንም አልሆነም፤ ሻይ ጠጡ። ከጻፍኳቸው መሳሳሞች ሁሉ የበለጠ አስተያየት ያመጣልኝ ያ አንድ ግሥ ነው።

ፍጹም ልጅ መፍጠር

እ.ኤ.አ. በ1973 ፓውላ ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂ፣ በአድናቂዎች መጽሔት ላይ ሜሪ ሱ የተባለች የ15 ዓመት ተኩል መኮንን ፈጥራ ቀለደች። ሁሉን የምትችል፣ ሁሉ የሚወዳት፣ ስትሞት ሁሉ የሚያለቅስላት። ስሟ እስካሁን ስድብ ነው። አንባቢ ግን አዲስ ገጸ ባሕርይ ሲያይ ሁሉ ይሸሻል ማለት አይደለም። የሚሸሸው ነባሮቹ ሥራቸውን ትተው እሷን ለማድነቅ ሲሰለፉ ነው። አንድ ነገር ታበላሽ፣ ይበቃል።

«ይቀጥላል» ብሎ መጥፋት

ክፍል 23 ላይ «ይቀጥላል» ተብሎ ከቀረ ሦስት ዓመት የሆነው ታሪክ ያልገጠመው አንባቢ የለም። ስለዚህ ብዙዎች ያለቀውን ብቻ ለይተው ያነባሉ። የማትጨርሱት ከመሰላችሁ በአንድ ክፍል የሚያልቅ ዋን ሾት ጻፉ። እኔም ሁለት ያልጨረስኳቸው አሉኝ፣ ዝርዝር አልገባም።

በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ መጻፍን እንደ ቀላል ማየት

በዘፋኝና በኳስ ተጫዋች ላይ የሚጻፈውን የሚወዱ አሉ፣ በጭራሽ የማይነኩትም አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፋንፊክሽን ዶት ኔት፣ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ የተጻፈ አይቀበልም፤ አርካይቩ ይቀበላል። በእኛ ከተማ ግን ነገሩ ከደንብም ያልፋል። አዲስ አበባ ጠባብ ናት። ፍቅር ያስያዛችኋት ተዋናይ የአክስት ልጅ ጎናችሁ ተቀምጣ ማኪያቶ ልትጠጣ ትችላለች። ቢያንስ አናቱ ላይ ግልጽ አድርጉት፣ የማይፈልግ ሳያየው እንዲያልፍ።

የማይወዱትን መጥፎ ነው ማለት

ይቺ ለአንባቢም ለጸሐፊም ናት። ኤዩ አልወድም ማለት ሌላ ነው፣ ኤዩ የሚጽፍ ሰነፍ ነው ማለት ሌላ። በአንደኛ መደብ፣ «እኔ» እያለ የሚተርክ ፋን ፊክሽን እኔ ጨርሶ አልገፋውም፤ ለምን እንደሆነ በቅጡ ማስረዳት አልችልም፣ ስለዚህም ለጻፈው ሰው ደብዳቤ አልጽፍለትም። ጸሐፊውም «ይሄን አላነብም» ሲባል የልጁ መልክ የተነቀፈ ያህል አይቁጠረው። እኔ ያን ቀን ቆጥሬው ነበር። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ እየሄድኩ ምን ብዬ ልመልስላት ይገባኝ እንደነበር ሳሰላ ዋልኩ።

አሁን ከእያንዳንዱ ታሪኬ አናት ላይ አራት መስመር እጽፋለሁ፦ ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ ማን እንደሚሞት፣ ለስንት ዓመት ሰው እንደሚሆን፣ ማለቁን። ሦስተኛዋ በተለይ ታስፈልጋለች፤ በዚያው ማሽን የተማሪዎች አሳይመንትም ይታተማል፣ ወረቀት ደግሞ ይቀላቀላል። ልጅቷ አሁንም ከመጨረሻው ገጽ ነው የምትጀምረው። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ አራቱን መስመር ታነብና ወይ አንድ ቅጂ ታስቀራለች፣ ወይ ዝም ብላ ስቴፕል አድርጋ ትሰጠኛለች። የሁለት ድራማዎችን ሰዎች አንድ ላይ የሚያመጣውን ክሮስኦቨር ግን ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም። «የማይተዋወቁ ሰዎችን ምን አገናኛቸው?» ትላለች። እኔ ደግሞ ክሮስኦቨር እወዳለሁ። እሱን የማሳትመው ሌላ ቤት ነው።