ቴድ ቺያንግን ስናነብም ሆነ ስንኮርጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ የአሜሪካዊው ጸሐፊ የቴድ ቺያንግ ስም መነሳቱ አይቀርም። ከእሱ ታሪክ የተሠራውን «አራይቫል» የሚለውን ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢያንስ የሚያውቀው ይመስለዋል። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ሰውየው ሊቅ ነው፣ በዓመት አንድ ታሪክ እንኳን አይጽፍም፣ የጻፈው ግን ሁሉ ይሸለማል ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን አጭር ልቦለድ እጽፋለሁ ብሎ የተነሳን ሰው መንገድ ያስታል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አንዴ ጻፈ፣ ተሸለመ» ማለት

የመጀመሪያ ታሪኩ በ1990 «ኦምኒ» በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። «የባቢሎን ግንብ» ይባላል። ወዲያው ኔቡላ የተባለውን ትልቅ የሳይንሳዊ ልቦለድ ሽልማት ወሰደ። ልጁ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ይሄን የሰማ ሰው «በቃ፣ ተሰጥኦ ነው» ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቺያንግ ታሪኮቹን ወደ መጽሔቶች መላክ የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው። ለዓመታት የሚደርሰው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ አናትምም። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ፣ በ1989 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ሚሺጋን ውስጥ ይሰጥ የነበረውን ክላሪዮን የተባለ የስድስት ሳምንት የጸሐፍት ሥልጠና ወሰደ። ክላሪዮን ቀልድ አይደለም። ሠልጣኞቹ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የአንዱን ታሪክ ሌሎቹ በየተራ ይተቹታል፤ ጸሐፊው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ አፉን ዘግቶ ይሰማል። እንግዲህ «የባቢሎን ግንብ» የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ጋ አንድ ታሪክ ቴሌግራም ላይ ለቆ ሰው ዝም ሲለው ብዕሩን የሚሰቅል ስንት አለ!

ረጅም ልቦለድ መቼ ነው የሚጽፈው ብሎ መጠበቅ

አይጽፍም፤ ወይም እስካሁን አልጻፈም። ሁለት መድበሎች አሉት። በ2002 የወጣው ስምንት ታሪኮች፣ በ2019 የወጣው ዘጠኝ ታሪኮች ይዘዋል። በዚህ መጠን አራት ኔቡላና ሌላው የዘርፉ ትልቅ ሽልማት የሆነውን ሁጎን አራት ጊዜ ወስዷል። አጭር ልቦለድን የረጅም ልቦለድ መለማመጃ አድርገን የምናየው ብዙዎች ስለሆንን እሱም «እስኪያድግ» እንጠብቀዋለን። ሰውየው ግን አድጎ ጨርሷል፤ ሥራው ይሄው ነው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ እንዲያውም የባሰው ይሄ ነው። «ቺያንግም እኮ ትንሽ ነው የሚጽፈው» እያሉ መተኛት። ከ1991 በኋላ እስከ 1998 ድረስ አዲስ ታሪክ አላወጣም፤ እውነት ነው። ግን ያለ ሥራ አልተቀመጠም፣ ሲያነብና ሲያጠና ነበር። ለጥራት ያለውን አቋም ማየት የፈለገ ሰው 2003ን ይመልከት። ስለ መልክና ውበት የጻፈው ታሪክ ለሁጎ ታጨ፤ እሱ ግን ዕጩነቱን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ታሪኩ በጥድፊያ እንደወጣና የፈለገውን ያህል እንዳልሆነለት ማመኑ ነው። ሽልማት በር ላይ መጥቶ «ይለፈኝ» የሚል ሰው ለስንፍና መሸፈኛ አይሆንም።

ለመጻፍ ብሎ ሥራ መልቀቅ

ቺያንግ ለረጅም ዘመን እንጀራው የቴክኒክ ጽሑፍ ነበር። ሲያትል አካባቢ ተቀምጦ ለሶፍትዌር ባለሙያዎች መመሪያና ማብራሪያ ይጽፍ ነበር። አሰልቺ ይመስላል አይደል? ግን ታሪኮቹን ስታነቡ የዚያ ሥራ ጣት ይታያችኋል። ከባድ ነገር ሲያስረዳ አይቸኩልም፣ አያወሳስብም፣ ቃላት አያንቆጠቁጥም። በአማርኛ ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚሞክሩ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱ ሲከብዳቸው ቋንቋውንም ያከብዱታል።

ሐሳብ ካገኘሁ ታሪክ አገኘሁ ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለሚጽፍ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው።

«አራይቫል» የተሠራበት ታሪክ «የሕይወትሽ ታሪክ» ነው፣ በ1998 የወጣ። ብዙ ሰው መነሻው የቋንቋ ጉዳይ ይመስለዋል። መነሻው ፊዚክስ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ይታጠፋል፤ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ ማንኪያ ተሰብሮ የሚታየን ለዚህ ነው። ፒየር ደ ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይሄን በሚገርም መንገድ አስረዳ። ብርሃን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲሄድ ትንሽ ጊዜ የሚፈጅበትን መንገድ ይከተላል አለ። ቀጥታው መስመር በርቀት አጭር ነው። ውኃ ውስጥ ግን ብርሃን ስለሚዘገይ አየሩ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጎ ሄዶ ውኃው ውስጥ ያለውን ጉዞ ማሳጠሩ ያዋጣዋል።

ጉዱ እዚህ ነው። ፈጣኑን መንገድ ለመምረጥ መጀመሪያ የት እንደምትደርስ ማወቅ አለብህ። ብርሃኑ ገና ሳይነሳ መድረሻውን የሚያውቅ ይመስላል።

ይሄ ሐሳብ አፍ ያስከፍታል። ቺያንግም ካወቀው ጀምሮ ይማርከው ነበር። ታሪክ ግን አልሆነለትም፣ ለዓመታት። እኛ ብንሆን በሳምንቱ አንድ ሳይንቲስት ፈጥረን፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁመን፣ ፌርማን እናስተምርበት ነበር። እሱ ያዘው። አንድ ቀን ፖል ሊንክ የሚባል ተዋናይ ብቻውን የሚጫወተውን ቴአትር አየ። ሊንክ በጡት ካንሰር ስለሞተች ሚስቱ ነው የሚናገረው። ያኔ ሁለቱ ነገሮች ተገናኙ፤ መድረሻውን እያወቀ የሚጓዝ ብርሃንና የሚመጣውን እያወቀ የሚኖር ሰው። ከዚያም ቢሆን አልተጻፈም። ጥቂት ዓመታት አለፉ፤ አንዲት ጓደኛው ስለ አራስ ልጇ የሆነ ነገር አለችው፣ ታሪኩም የእናትና የልጅ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርይዋ የቋንቋ ሊቅ ስለሆነች ሥነ ልሳን ማጥናት ነበረበት።

ውጤቱን ያነበበ ያውቀዋል። ሴትየዋ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን ቋንቋ ስትማር የወደፊቱን ማየት ትጀምራለች። ልጇን ታናግራታለች፤ ልጅቷ በ25 ዓመቷ ገደል ስትወጣ ወድቃ እንደምትሞት እያወቀች፣ ገና ሳትወልዳት። «እንዲህ ትያለሽ፣ እንዲህ ትሆኛለሽ» እያለች የልጅቷን ሕይወት በወደፊት ጊዜ ትተርካለች። ፊዚክሱ ሰዋስው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ፌርማን ካወጣችሁት ታሪኩ ይፈርሳል፣ እናቲቱን ካወጣችሁትም ይፈርሳል። የራሳችሁን ሐሳብ በዚህ መዝኑት። ሳይንሱ ወጥቶ ታሪኩ ከቆመ፣ ሳይንሱ ጌጥ ነበር።

መጨረሻውን ሳያውቁ መነሳት

ይሄ አጭር ነው። ቺያንግ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጽፈው የታሪኩን መጨረሻ ወይም ወደ መጨረሻው ያለ አንቀጽ ነው። ለሁሉም ጸሐፊ ይሠራል አልልም። ግን እንደሱ ዓይነት፣ በሐሳብ ላይ የቆመ ታሪክ መጻፍ የሚፈልግና «ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ይመሩኛል» የሚል ሰው፣ ገጽ አስር ላይ ሲጠፋ እንዳይገርመው።

ተጽዕኖውን እዚያው ዘርፍ ውስጥ ብቻ መፈለግ

በልጅነቱ የሳይንሳዊ ልቦለድ ጸሐፊዎቹን አሲሞቭንና አርተር ክላርክን አንብቧል። ይሄን ሁሉም ይጠቅሳል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ያቆማል። እያንዳንዱ ታሪክ ከየት እንደመጣ ስታዩ ግን ሌላ ዓለም ነው።

«የባቢሎን ግንብ» የመጣው በዕብራይስጥ ትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛው ከነገረው ትረካ ነው። በዚያ ትረካ ግንቡ ከመርዘሙ የተነሳ ጫፉ ላይ ለመድረስ ዓመት ይፈጃል። ሰው ወድቆ ቢሞት ማንም አያለቅስም፤ ጡብ ከወደቀ ግን ግንበኞቹ ያለቅሳሉ፣ ምክንያቱም ምትኩን ለማምጣት ሌላ ዓመት ነው። «ትንፋሽ» ብለን ልንጠራው የምንችለው የ2008 ታሪክ ደግሞ ከሁለት ቦታ መጣ። አንዱ የፊሊፕ ዲክ አጭር ልቦለድ ነው። ሌላው የፊዚክስ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ መጽሐፍ፣ ምግብ የምንበላው ለጉልበት ብቻ ሳይሆን የሰውነታችንን ሥርዓት ለመጠበቅ ነው የሚልበት ቦታ። በ2013 ስለ ትዝታና ስለ ጽሕፈት የጻፈው ታሪክ ጽሕፈት የሰውን አስተሳሰብ እንዴት እንደሚለውጥ ካጠናው ከዋልተር ኦንግ ሥራ ተነስቶ ናይጄሪያ ውስጥ ቲቭ ሕዝብ ጋ ይደርሳል።

ለእኛ አንባቢ በጣም ቅርብ የሚሆነው ግን መላእክት በአካል የሚወርዱበት የ2001 ታሪክ ይመስለኛል። በዚያ ዓለም መልአክ ሲገለጥ አንዱ ይፈወሳል፣ አጠገቡ የነበረው በመስታወት ስብርባሪ ይሞታል። ዜና ላይ ቁጥሩ ይነገራል። ኒል የሚባል ሰው ሚስቱ እንዲህ ሞታ ገነት ገባች፤ እሷን እንደገና ለማግኘት አምላክን መውደድ አለበት፣ ግን አይወድም። ታሪኩ ቺያንግ ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር ያለው ሙግት ነው። ኢዮብ መከራውን ሁሉ ችሎ በመጨረሻ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ሲመለስለትና እንደገና ልጆች ሲወልድ፣ ትምህርቱ ይላላል ባይ ነው። እንግዲህ ባይመለስለትስ? በየቤቱ የኢዮብን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ደራሲው ራሱ አማኝ አይደለም፤ መጽሐፉን ግን እንደ ተራ ተረት አላለፈውም፣ በቁም ነገር ነው የተሟገተው። ከእሱ መኮረጅ ካለብን ይሄንን ብንኮርጅ ደስ ይለኛል። ገድሉ፣ ድርሳኑ፣ ቅኔው እጃችን ላይ እያለ ሮቦት ፍለጋ ሆሊውድ እንሄዳለን።

መንኮራኩር ከሌለ ሳይንሳዊ አይደለም ማለት

በ2007 የጻፈው ታሪክ ባግዳድና ካይሮ ውስጥ የሚካሄድ ነው። የጨርቅ ነጋዴ አለ፣ ጥበበኛ አለ፣ በውስጡ ሲያልፉ 20 ዓመት የሚያሻግር በር አለ። አነጋገሩ የሺህ አንድ ሌሊት ነው፤ ታሪክ በታሪክ ውስጥ ይገባል። የበሩ አሠራር ግን ከፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ንግግር የመጣ ነው፤ ያለፈውን ሄደህ ታያለህ፣ መለወጥ ግን አትችልም። «ታዲያ መሄዱ ምን ይጠቅማል?» ካላችሁ ታሪኩ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አልነግራችሁም።

ፊልሙን አይቶ ታሪኩን አነበብኩ ማለት

«አራይቫል» በ2016 የወጣ ጥሩ ፊልም ነው፤ ለስምንት ኦስካር ታጭቶ አንድ አሸንፏል። ግን የጦርነቱ ስጋት፣ የቻይናው ጄኔራል፣ ሰዓት የመቁጠሩ ልብ አንጠልጣይ ነገር ታሪኩ ውስጥ የሉም። ልጅቷም በፊልሙ በበሽታ ነው የምትሞተው። ዋናው ልዩነት ደግሞ ፌርማ ከፊልሙ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሴትየዋ የወደፊቱን ማየቷ እንደ ተአምር ይመስላል። ታሪኩ ውስጥ ግን ተአምር አይደለም። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ስለ ቺያንግ ሲከራከር ወዲያው ያስታውቃል።

ትንቢት መጠየቅ

በየካቲት 2023 «ኒው ዮርከር» ላይ ቻትጂፒቲን ጥራቱ ከወረደ፣ ከደበዘዘ የምስል ቅጂ ጋር አመሳስሎ ከጻፈ ወዲህ ጋዜጠኞች «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያሉ ይጠይቁታል። ሥራው እሱ አይደለም። ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ያለውን አሳብ የፈለገ ሰው የ2010ሩን ረዘም ያለ ታሪክ ያንብብ፤ ድሮ የእንስሳት አሠልጣኝ የነበረች ሴት በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፍጡራንን ለዓመታት ታሳድጋለች። ማሳደግ ነው ቃሉ። ልምድ በአቋራጭ አይገኝም የሚል ታሪክ ነው፣ ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ ከአስር ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ።

በዚሁ ታሪክ መጀመር ግን ራሱ ስህተት ነው። ረጅሙ ሥራው ነው፣ ቀዝቃዛም ነው፤ ብዙ ሰው መሃል ላይ ጥሎት «ቺያንግ አልገባኝም» ይላል። በ2007ቱ የነጋዴውና የጥበበኛው በር ታሪክ ጀምሩ። ቀጥሎ «የባቢሎን ግንብ»ን፣ ከዚያ ኢዮብን እያሰባችሁ የመላእክቱን። «የሕይወትሽ ታሪክ»ን ፊልሙ ትንሽ ሲረሳችሁ አንብቡት።