ለጉግስና ለግልቢያ የሚሆን ውርንጭላ ለማስወለድ ድንጉላ እንዴት ይመረጣል

ብዙ ሰው ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ፍለጋ የሚነሳው ባዝራዋ (ሴቷ ፈረስ) ወንድ ከፈለገች በኋላ ነው። ያኔ ጊዜ ስለሌለ ሰፈር ውስጥ ያገኘውን ያስጠቃና ከዓመት በኋላ "ይሄ ደግሞ በማን ወጣ" ይላል። ፍለጋው ሁለት ሶስት ወር ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። እዚህ የማወራው ለጉግስ፣ ለሽምጥ፣ ለውድድር ስለሚሆን ፈረስ ነው፣ ለጭነት ከሆነ መስፈርቱ ሌላ ነው፣ በቅሎ ከፈለጋችሁ ደግሞ የምትፈልጉት ድንጉላ አህያ ነው።

1. መጀመሪያ ባዝራዋ

"ባዝራዋ ምንም ትሁን፣ ዋናው ድንጉላው ነው" የሚባለው ነገር ወላሂ ብዙ ሰው አክስሯል። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር ሻየር የሚባለውን ግዙፍ ፈረስና ሼትላንድ የሚባለውን ድንክ ፈረስ አዳቅለው ያዩ ተመራማሪዎች ነበሩ። እናትየው ሻየር ስትሆን የሚወለደው ውርንጭላ እናትየው ሼትላንድ ከሆነችው በክብደት ሶስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ነው የተገኘው። የአባትና የእናት ዘር ድብልቁ ግን ያው ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው የእናት ሆድ ነው። የኛ አገር ፈረስ አብዛኛው ቁመቱ ከ1.40 ሜትር በታች ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ባዝራ ይዛችሁ ትልቅ ድንጉላ ስላገኛችሁ ብቻ ትልቅ ፈረስ አትጠብቁ።

ባዝራችሁን አቁሙና ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ እይዋት። ጉድለቷን ሳታፍሩ ተናገሩት። ጀርባዋ ከረዘመ ጀርባው አጠር ጠንከር ያለ ድንጉላ ፈልጉ፣ ትከሻዋ ቀጥ ካለ ትከሻው ወደ ኋላ ጋደል ያለ። አንድ ድንጉላ አንድ ሁለት ነገር ያሻሽል ይሆናል፣ አምስት ጉድለት ያላት ባዝራ ግን ለማስወለድ አትሆንም፣ ይቅርባችሁ።

2. የት ይፈለጋል

ደጋው ላይ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ጉጉፍቱ፣ ለጋምቦ፣ ወረኢሉ በኩል ፈረስ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፣ የንጉሥ ሚካኤል ፈረሰኛ የወጣበት አገር ነው። ገበያ ላይ ዋጋ ትሰማላችሁ እንጂ ጥሩ ድንጉላ ያለው ሰው ገበያ አያወጣውም። ጥምቀት ላይና ሰርግ ላይ እዩ፣ የቻለ ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ቢያይ አይኑ ይከፈታል። የቲክቶክ ቪዲዮ አይቶ መወሰን የሚባለውን ነገር ግን አልስማማበትም። ፈረሱ በሁለት እግሩ ሲቆም ሰው ጀግና ይመስለዋል፣ አንዳንዴ አፉን ልጓሙ አቁስሎት ነው የሚቆመው።

3. ልጆቹን እዩ (ሰው የሚዘለው ይሄን ነው)

አውሮፓ ቢሆን ነገሩ ይቀላል። ጀርመን ውስጥ ሴለ የሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1735 ጀምሮ የመንግስት የድንጉላ ጣቢያ አለ፣ የድንጉላው አባት አያት ቅድመ አያት ተመዝግቧል፣ ልጆቹ በዝላይ ምን እንዳመጡ ሪከርድ አለ፣ እግሩ በኤክስሬይ ይታያል። እኛ ጋ መዝገቡ ሽማግሌ አፍ ላይና ሜዳ ላይ የሚሮጡት ውርንጭላዎች ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ባለቤቱን መጀመሪያ የምትጠይቁት "ስንት ያስከፍላል" ብላችሁ ሳይሆን "ጋሼ፣ ከዚህ ድንጉላ የተወለዱትን የት ሄጄ ልያቸው?" ብላችሁ ነው። የሚኮራበት ልጅ ያለው ሰው ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል። "ብዙ ናቸው፣ ተሸጡ፣ ርቀው ሄዱ" ብቻ ከሆነ መልሱ ጠርጥሩ።

ሶስት አራት ልጆቹን፣ ከተለያየ ባዝራ የተወለዱትን፣ ከተቻለ እናቶቻቸውን ጭምር እዩ። የምትፈልጉት በሁሉም ላይ የሚደጋገመውን ነገር ነው። እናቶቹ ተለያይተው ልጆቹ ሁሉ ያንን ረጅም አንገትና ሰፊ ደረት ይዘው ከወጡ ድንጉላው ያወርሳል ማለት ነው። ሁሉም የፊት እግራቸው ወደ ውጭ ከዞረም ያወርሳል፣ ግን የማትፈልጉትን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መለየት አለባችሁ። ጠባሳ አይወረስም። የኮርቻ ቁስል፣ የተሰነጠቀ ሰኮና፣ በጋሪ ገመድ የተላጠ ደረት፣ በአያያዝ የመጣ ክሳት፣ ይሄ ሁሉ ኑሮ ነው እንጂ ዘር አይደለም። የሚወረሰው የእግር ጥመት፣ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው አልፎ የሚወጣበት መንጋጋ፣ አንድ ቆለጡ ሳይወርድ የቀረ ድንጉላ፣ እንደዚህ ያለው ነው። ቆለጡን በአይን ብቻ አትመኑ፣ ባለቤቱ ይዞት ሀኪሙ በእጁ ይዳስስ፣ ሁለት ካልሆነ ብትተዉት ይሻላል። ኮምቦልቻ ጋሪ የሚጎትት ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ድንጉላ አይቼ አውቃለሁ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ፣ ልጆቹም እንደሱ። አጠገቡ ቅባት ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ፈረስ የቆመ ቀን ግን ሰው ሁሉ ወደሚያብረቀርቀው ነው የሚሄደው።

ዝምድናም ጠይቁ። በአንድ ቀበሌ አንድ ድንጉላ ሁሉንም ስለሚያጠቃ ባዝራችሁ ራሷ የሱ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

4. እግሩና ጠባዩ

አስፋልት ወይም ድንጋያማ ደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሩጡት፣ ሳር ላይ አይደለም፣ ሳር ብዙ ነገር ይደብቃል። አይናችሁን ጨፍናችሁ ኮቴውን ስሙ፣ ሶምሶማ ሁለት ምት ነው፣ ምቱ እኩል ካልሆነ አንድ ነገር አለ። ከዛ ጭንቅላቱን እዩ፣ የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል። ስልካችሁ ላይ በስሎው ሞሽን ቅረጹት፣ ለዚህ ስራ ከስልክ የተሻለ መሳሪያ የለም። ቁልቁለትም አስወርዱት፣ ደሴ ቁልቁለት አይጠፋም።

ጠባዩን ከበሮና እልልታ ያለበት ቦታ እዩ። አጠገቡ ጃንጥላ ሲከፈት ጆሮውን አቁሞ አይቶ የሚመለስ ጥሩ ነው፣ ባለቤቱን ጎትቶ የሚሸሽ ወይም ሰው የሚነክስ ይለፋችሁ። እድሜው አራት ቢሞላ ይመረጣል፣ አምስት ዓመት ላይ የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ተቀይረው ይጨርሳሉ፣ አፉን ከፍቶ ማየት ነው።

5. ጤና

ይሄን በሰው ቃል አትለፉት። በጥቂያ የሚተላለፍ ዱሪን የሚባል በሽታ አለ፣ አገራችን ውስጥ ያለ ነው፣ ክትባት የለውም። ብልቱ ያበጠ፣ ፈሳሽ ያለው፣ ቆዳው ላይ ክብ ክብ እብጠት የሚወጣና የሚጠፋ፣ የኋላ እግሩ የሚጎተት ፈረስ ካያችሁ ራቁ። ችግሩ ምንም ሳይታይበት በሽታውን የሚያስተላልፍ ድንጉላም አለ፣ ስለዚህ ደም ይመርመር፣ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ አለ፣ በእንስሳት ሀኪም በኩል ጠይቁ። የጋሪ ድንጉላ ከሆነ እግሩና ደረቱ ላይ በመስመር የተደረደረ መግል የሚይዝ እባጭ መኖሩንም እዩ፣ ያ ለሌላው ፈረስ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ባዝራዋን ከማስጠቃታችሁ በፊት አስከትቡ፣ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽዬ ተናካሽ ዝንብ ስለሆነች ክረምቱ ሲወጣ ቦርከና ወንዝ ዳር ማታ ማታ ፈረስ አታሳድሩ።

6. ጊዜና ስምምነት

እርግዝናው 11 ወር ገደማ፣ ወደ 340 ቀን ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ያስጠቃ ሰው መስከረም ላይ ሳር ሳለ ውርንጭላ ያገኛል፣ ስድስት ወር ሞልቶት መጋቢት ላይ ጡት ሲጥል ደግሞ በልግ ከዘነበ ደጋው ላይ ሳር አለው። ባዝራ ስትፈልግ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ትቆያለች፣ ከሁለተኛው ሶስተኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ አስጠቋት፣ እምቢ እስክትል። ጅራቷን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ መራገጫ ገመድ አትርሱ።

ካልያዘች በነጻ እንዲደገም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ፣ ምስክር ባለበት። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ከ18 እስከ 21 ቀን ባለው ድንጉላው ፊት መልሳችሁ አቅርቧት፣ ጅራቷን አንስታ ከቆመች አልያዘችም፣ ጆሮዋን ጥላ ከረገጠች ተስፋ አለ፣ ማረጋገጫው ግን ከ40 ቀን በኋላ ሀኪም ሲዳስሳት ነው።