የፒክአፕ ሞተርን መጠን ማነጻጸርና ተጨማሪ ጉልበት ማግኘት

ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሲሲ ፒስቶኖቹ ሲመላለሱ የሚሸፍኑትን የሲሊንደር ቦታ እንጂ ሞተሩ የሚያወጣውን ጉልበት አይለካምና። የፎርድ ሬንጀር ባለ አምስት ሲሊንደር 3.2 ሊትር (3,200 ሲሲ ያህል) የናፍጣ ሞተር 200 የፈረስ ጉልበትና 470 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማሽከርከር ኃይል) ሲሰጥ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ባለ ሁለት ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) 2.0 ሊትር ሞተር 213 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል።

ስለዚህ ሲያነጻጽሩ ቶርኩንና ቶርኩ የሚገኝበትን የሞተር ዙር አብረው ይመልከቱ። ቶርክ በኒውተን ሜትር፣ ዙር በደቂቃ ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል ጉልበቱ በኪሎዋት ይገኛል፤ 500 ኒውተን ሜትር በ2,000 ዙር 105 ኪሎዋት ያህል ማለት ነው። ጭነት ለሚጭን ወይም ተጎታች ለሚስብ ሰው ከፍተኛ ቶርኩን በዝቅተኛ ዙር የሚሰጥ ሞተር፣ በካታሎግ ላይ ትልቅ የፈረስ ጉልበት ጽፎ ያንን በከፍተኛ ዙር ብቻ ከሚያወጣው ይሻላል። ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ ቱርቦ ካለው ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል።

ጉልበት አነሰኝ የሚል ባለቤት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሞተሩ የራሱን ጉልበት በሙሉ እየሰጠ መሆኑን ያረጋግጥ። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ)፣ በቱርቦና በኢንተርኩለር (ከቱርቦ የወጣውን አየር በሚያቀዘቅዘው ክፍል) መካከል የተሰነጠቀ ቱቦ በቀላሉ የሚስተካከሉ ናቸው፤ በተለይ የተሰነጠቀው ቱቦ መኪናውን ጥቁር ጭስ እያስወጣ ያደክመዋል።

ቀጥሎ ጎማውንና የዲፈረንሻሉን ጥርስ ምጥጥን (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየውን ቁጥር) ይመልከቱ፤ በእኔ አስተያየት ብዙ ሰው ችላ የሚለው ይህንን ነው። ምጥጥኑ 4.10 የሆነ መኪና በዲያሜትር 10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ቢገጠምለት 3.73 እንዳለው ሆኖ ይሠራል፤ ማለትም ሞተሩ ሳይነካ መሬት ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል ቀነሰ ማለት ነው። መልክ ለማሳመር የተገጠመውን ትልቅ ጎማ መመለስ ወይም ጥርሱን በዚያው መጠን ማስቀየር የጠፋውን ይመልሳል።

የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቱርቦ ባለው ናፍጣ ሞተር የነዳጁንና የአየር ግፊቱን መጠን በመጨመር ጉልበቱ በግልጽ ይጨምራል፤ ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ግን የሚገኘው ትርፍ ኢምንት ነው። በናፍጣው ላይ ነዳጁ አየሩን ሲቀድም የጭስ ማውጫው ሙቀት ከፍ ብሎ ፒስቶንና ቱርቦ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ሙቀቱን የሚያሳይ ጌጅ ማስገጠም ያስፈልጋል። ለፋብሪካው ቶርክ የተሠራው ፍሪሲዮንም መንሸራተት ሊጀምር ይችላል፤ የአምራቹ ዋስትናም ሊሰረዝ ስለሚችል ቀድሞ ውሉን ማንበብ ይገባል።

ያለውን ሞተር አውጥቶ ትልቅ ሞተር ማስገባት የመጨረሻው አማራጭ ነው። የሞተሩ ማቀፊያ፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ አብረው ስለሚቀየሩ፣ የፊት ስፕሪንጉና ፍሬኑም ለተጨመረው ክብደት መስተካከል ስላለባቸው፣ ወጪው ሲደመር ብዙ ጊዜ መኪናውን ሸጦ የተፈለገው ሞተር ከፋብሪካ የተገጠመለትን መግዛት ይቀላል።