ሞዴል የሌለው የሥዕል ሰዓት፦ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆችን ሰብስቤ ሥዕል ማሠራት የጀመርኩ ሰሞን የፋሲልን ግንብ በካርቶን ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩ። «እንዲህ አድርጉ» አልኳቸው። ሁሉም ያንኑ ሠሩ። የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ግንብ ግን ዘመመባት። የእኔን አየች፣ የራሷን አየች፣ ጨምድዳ ጣለችው። በሚቀጥለው ቀን አልመጣችም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሞዴል አላስቀምጥም። ትምህርቱ ያለው ልጁ ሲነካ፣ ሲሞክር፣ ሲያፈርስና እንደገና ሲጀምር ነው። እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ በዚህ መንገድ ጀምሩ።

ቦታው በረንዳ ወይም ግቢ ቢሆን ይበቃል። አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ዘርጉበት። ለአንድ አዋቂ ከ8 እስከ 10 ልጅ፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል። ልጆቹ ርቧቸው ነው የሚመጡት፤ ቆሎ ወይም ዳቦ ይቅደም።

ቀለሙን ቤት ውስጥ አዘጋጁ። 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። 3 ኩባያ ውሃ አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ ጨምሩበት። እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አውርዱት። ሲበርድ በየጣሳው ከፋፍሉት። አንዱ ላይ የተፈጨ ከሰል፣ አንዱ ላይ በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር፣ አንዱ ላይ እርድ ጨምሩ። ከሰሉን ውሃ ነክራችሁ ራሳችሁ ፍጩት፤ ብናኙ ለልጆች ደረት አይሆንም። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ የታኘከ እንጨት ወይም ጣት ይሠራል።

እርዱን በተለይ አትርሱ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ቢጫ እጁን በሳሙና ሲታጠብ እጁ ቀላበት። ጮኸ። ሁሉም ሮጠው መጡ። እርድ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፣ ሎሚ ሲጨመርበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ይህን ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ሰምተው ያልፉት ነበር። ራሳቸው ስለደረሱበት ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳሙና ውሃና ሎሚ በእርድ ሥዕላቸው ላይ ሲያንጠባጥቡ ከረሙ። እናንተም አትንገሯቸው። ሳሙናውን አጠገባቸው አስቀምጡና ጠብቁ።

ሸክላ ከቻላችሁ ጨምሩ። ጎንደር ላለ ሰው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ አለች፤ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ብታስቀምጡት አይደርቅም። ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ማስቀመጥ የፈለገ ልጅ ጥላ ላይ ያድርቀው፣ ያልፈለገ ወደ ባልዲው ይመልሰው። የሚመልሱት ይበዛሉ፤ አትዘኑ።

ከባዱ ነገር አፍን መግታት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ ገና ምንም ላይሆን ይችላል። «ጎበዝ»ንም ቀነስ አድርጉ። ልጁ ወረቀቱን ትቶ የእናንተን ፊት ማየት ይለምዳል። ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ጥቁሩን እዚህ ጋ ደራርበሽዋል»። ወይም «እስኪ ስለሱ ንገሪኝ»። እርሳስ ይዛችሁ የልጅ ወረቀት ላይ አትግቡ። አንዱ «ጋሼ፣ አህያ ይሳሉልኝ» ሲለኝ በር ላይ የቆመችውን አህያ እንዲያይ ላክሁት። ተመልሶ ጆሮዎቹን ብቻ ሣለ፤ ወረቀቱን ሞሉት።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚማር ሰው የመምህሩን እጅ ተከትሎ ይማራል፤ ያ ትልቅ ትምህርት ነው፣ የራሱ ቦታም አለው። ከትምህርት ቤት የደከመ የ6 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትወስዷቸውም ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች እንዲገለብጡ አታዟቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ዓይኖቹ ወዴት እንደሚያዩ ይፈልጉ።

ወላጆች ይጠይቃሉ፤ «ዛሬ ምንም አልሠራም እንዴ?» መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ። ልጁ እየሠራ የተናገረውን ቃል፣ ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አንዲት እናት ጥቁር የተለቀለቀ ወረቀት አይታ ቅር አላት። ልጇ ያለውን አነበብኩላት፦ «ይሄ ዝናብ ነው። ቤታችን ከሥሩ ነው ያለው።» ያንን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ከሰል፣ ያንኑ አፈር፣ ያንኑ እርድ አቅርቡ። ቢያንስ ለ4 ቀን አዲስ ነገር አትጨምሩ።